ምርምር በጓሮ በር ይገባል

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ላይ ያለውን ሰሌዳ ታውቁታላችሁ። መማር ማስተማር፣ ምርምር፣ የማኅበረሰብ አገልግሎት። ሦስቱ ተደርድረው፣ በአንድ ቀለም፣ በአንድ የፊደል መጠን። እንግዳ ሲመጣ ከፊቱ ቆሞ ፎቶ ይነሣል። እናንተም ሦስቱ የሚተዋወቁ መስሏችኋል፤ አይደል?

ሰላምታ እንኳ የላቸውም።

ካላመናችሁኝ ግቡና የቢሮዎቹ በር ላይ ያለውን አንብቡ። መማር ማስተማሩ በአካዳሚክ ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንት ሥር ነው። ምርምሩ በሌላ ምክትል ፕሬዚዳንት ሥር። በጀታቸው ለየብቻ፣ ቅጻቸው ለየብቻ፣ ጸሐፊዎቻቸው ለየብቻ። ስብሰባ የሚጠሩት ደግሞ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በተለያየ ሕንፃ ነው። አንድ መምህር ጠዋት የአንደኛው፣ ከሰዓት በኋላ የሌላኛው ሠራተኛ ይሆናል። ሁለቱ አለቆች ስለ እሱ የሚነጋገሩት ሲጠፋ ብቻ ነው።

እኔ ፖለቲካ ሳይንስ አስተምራለሁ። የት እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ወንበሬን እወደዋለሁ። ሥልጣን ማን እጅ እንዳለና እንዴት እንደሚከፋፈል እያስተማርን በገዛ ቤታችን ሁለት በር መካከል መመላለሳችን ራሱ አንድ ኮርስ ይወጣው ነበር። ክሬዲት የለውም እንጂ።

ከኮርስ አውትላይኑ ልጀምር። አውትላይን እኛ ጋ እንደ ርስት ነው፤ ይወረሳል እንጂ አይጻፍም። መምህሩ ለሦስተኛ ዲግሪ ውጭ ሲሄድ ፍላሹን ለተተኪው ያስረክባል። በፓወርፖይንቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የድሮው ባለቤት ስም ተሰርዞ አዲሱ ገብቷል። አንዳንዴ መሰረዙም ይረሳል፤ ተማሪው በማያውቀው ሰው ስም አንድ ሴሚስተር ይማራል። ከንባብ ዝርዝሩ አናት ላይ ሁልጊዜ አንድሪው ሄይውድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው «ፖለቲክስ» የተባለው መጽሐፉ ባይኖር ግማሾቻችን ሰኞ ጠዋት ምን ይዘን እንደምንገባ አላውቅም። መጽሐፉን አልነቅፈውም፤ ግልጽ ነው፣ ሥርዓት አለው። ግን ከግቢው አጥር ውጭ ስላለው የወረዳ ምክር ቤት ምንም አይልም። ሊልም አይጠበቅበትም።

ስለ ወረዳ ምክር ቤት የሚያውቀው ሰው እዚያው ኮሪደር ላይ፣ ሦስት በር አለፍ ብሎ ቁጭ ብሏል። ዓመታት መስክ ውሏል። ጽሑፉ ደህና የሚባል የውጭ ጆርናል ላይ ወጥቷል። በራሱ አውትላይን ላይ ግን የለም። «ለምን አላስገባኸውም?» ብዬ ጠየቅኩት።

«አንቺ ደግሞ! የራሴን ጽሑፍ ለተማሪ ማስነበብ ጉራ አይመስልም?»

ጨዋነት ነው እንግዲህ። ሌሎቹ ምክንያቶች ግን ጨዋ አይደሉም።

አንደኛው ወጥ ሥርዓተ ትምህርቱ ነው። ጎንደር ያለውም፣ አርባ ምንጭ ያለውም፣ ጅማ ያለውም የእኛ ተማሪ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ኮርስ ነው የሚወስደው። እኔ የማጠናውን ነገር ኮርስ ላድርገው ብል ከዲፓርትመንት እስከ ሴኔት የሚዞር ወረቀት አለ። ወረቀቱ ሲመለስ ጥናቱ አርጅቷል። በላዩ ላይ ደግሞ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተናው መጣ። በዚያ የመጀመሪያ ዙር በአገር አቀፍ ደረጃ ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ነበሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ኮሪደር ላይ የሚያገኘኝ ኃላፊ ሁሉ ምን እየጻፍኩ እንደሆነ ጠይቆኝ አያውቅም። «ስንት ታሳልፋላችሁ?» ነው። እኛም የፈተናውን ብሉፕሪንት ዘርግተን ምርጫ ጥያቄ እናሠራለን። የጂሲ፣ ማለትም የምርቃት ዓመት፣ ልጆች ይቸክላሉ። ከአራት መልስ አንዱን መምረጥ የለመደ ልጅ መስክ ላይ አራቱም ትክክል ሲመስሉት ምን ያድርግ? እሱ የማንም ብሉፕሪንት ውስጥ የለም።

ሁለተኛውን ምክንያት ስነግራችሁ ድምፄን ዝቅ ላደርግ ነው፤ ቀረብ በሉ።

ተማሪ የሚመደበው በመላ አገሪቱ ነው። ከወለጋ፣ ከጎጃም፣ ከጅግጅጋ፣ ከወላይታ የመጡ ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የዕለቱ ርዕስ ፌደራሊዝም ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 39። እሑድ ማታ ዶርም ውስጥ ምን እንደተባባሉ አታውቁም። ፊት ለፊት ያለው ልጅ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶታል። ይቅዳ አይቅዳ አታውቁም። መምህሩ ምን ያደርጋል?

ቤልጂየም ይሄዳል።

አልቀለድኩም። ቤልጂየም፣ ስዊዘርላንድ፣ ካናዳ። ስለ ፍላንደርስና ስለ ዋሎኒያ ሲተነትን ብትሰሙት ብራስልስ ተወልዶ ያደገ ይመስላችኋል። ክፍሉ ደግሞ ሞኝ አይደለም። አንዱ እጁን ያወጣና «ቲቸር፣ ፍላንደርሶች በጀቱ አነሰን ቢሉስ?» ይላል። ከኋላ ያለው ልጅ «መጀመሪያ ብራስልስ የማን እንደሆነች ይነገረን!» ይላል። ክፍሉ ይስቃል፤ አንዳንዱ አይስቅም። ስለ ማን እንደሚወራ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አላለም። ሰምና ወርቅ ቅኔ ቤት ብቻ ያለ መስሏችሁ ነበር? እኛ ጋ ሦስት ክሬዲት አለው።

ያው መምህር ለውጭ ጆርናል በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ግን ቤልጂየም የለችም። ወረዳው በስሙ ተጠርቷል። በጀቱ እንዴት እንደተከፋፈለ፣ ማን ተሰብሳቢ ሆኖ ማን ወሳኝ እንደሆነ፣ የትኛው ስብሰባ ላይ ማን ዝም እንዳለ ተጽፏል። የሚያነበው ደግሞ ኦስሎ ወይም ኤድንበርግ የተቀመጠ ሰው ነው። የገዛ ተማሪው ጽሑፉ መኖሩንም አያውቅም፤ ቢያውቅም ጆርናሉ ክፍያ ይጠይቃል። ስለዚህ አንድ ሰው ውስጥ ሁለት ምሁር ይኖራል፤ ክፍል ውስጥ ያለው ጥንቁቅ፣ ወረቀት ላይ ያለው ደፋር። የተገላቢጦሹም አለ። ክፍል ውስጥ አንበሳ የሆነ፣ ጭብጨባ የማይለየው፣ አንድ ገጽ ጽፎ የማያውቅ። እሱን አሁን እንተወው፤ ተማሪዎቹ ይወዱታል።

ተማሪ ለሆናችሁ፣ ወይም ተማሪ ልጅ ላላችሁ፣ አንድ ነገር ልስጣችሁ። የመምህሩን ስም ጉግል ስኮላር ላይ ፈልጉ። ጽሑፍ ካገኛችሁ መደምደሚያውን ዝለሉት። መደምደሚያ ላይ ሁላችንም «ሁሉም ባለድርሻ አካላት የድርሻቸውን ሊወጡ ይገባል» ብለን ነው የምንጨርሰው። ከመደምደሚያው በፊት ያለውን ክፍል አንብቡ፤ ሰውየው የሚያስበው እዚያ ነው። ከዚያ ቢሮው ሂዱና «ቲቸር፣ ጽሑፍዎን አንብቤው ነበር» በሉት። ፊቱን እዩት። አብዛኞቻችን ይህን ዓረፍተ ነገር ከተማሪ አፍ ሳንሰማ ጡረታ እንወጣለን።

«ይሄን ያህል ምን ያስፈራል?» ትሉ ይሆናል። አዲስ ገብ መምህር ሁሉ ማንም ሳያስተምረው የሚያውቀው ታሪክ አለ። በ1985 ዓ.ም. ከ40 በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በአንድ ጊዜ ተሰናብተዋል። ፖለቲካ ሳይንስ እያስተማሩ የተቃዋሚ ፓርቲ የመሩት መረራ ጉዲና ደግሞ ከኅዳር 2009 እስከ ጥር 2010 ዓ.ም. እስር ቤት ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ የአካዳሚክ ነፃነትን በጽሑፍ ያረጋግጣል። ጽሑፉን እናከብራለን። አፋችንን ደግሞ እንጠብቃለን።

ገንዘብ ወዳለበት ልውሰዳችሁ። በየዓመቱ የምርምር ጥሪ ይለጠፋል። ፕሮፖዛል ይገመገማል፣ ይጸድቃል፣ በጀቱ ይለቀቃል ይባላል። «ይባላል» የምትለዋን ልብ በሉ። ብሩ ሲደርስ ሚያዝያ ነው፤ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ስለዚህ በአገራችን የፖለቲካ ሳይንስ የመስክ ሥራ ወቅት አለው፤ ዝናብ ሊጥል ሲል፣ ገበሬው ለእርሻ ሲጣደፍ፣ እኛ መጠይቅ ይዘን እንደርሳለን። ከመስክ ስንመለስ ያለው ሥራ ደግሞ ዳታ መተንተን እንዳይመስላችሁ። ማወራረድ ነው። የሾፌሩ ፊርማ፣ የሆቴሉ ደረሰኝ፣ የአበሉ ቅጽ። ምዕራፍ አራትን በሁለት ሌሊት የጻፈ ሰው ለአንዲት ቲን ቁጥር ለሌላት ደረሰኝ ሁለት ሳምንት ፋይናንስ ቢሮ ሲመላለስ አይቻለሁ።

ውጤቱ በምርምር ሳምንት ይቀርባል። ባነር፣ ቦርሳ፣ ኮፍያ፣ የሻይ ዕረፍት። ተጋባዥ እንግዶች የመክፈቻ ንግግር አድርገው ይሄዳሉ፤ ግማሹ አዳራሽ አብሯቸው ይወጣል። ያኔ ለዲፓርትመንት ኃላፊው ስልክ ይደወላል፦ «ሁለተኛ ዓመቶችን ላክልን።» ልጆቹ ትምህርት አቋርጠው ይመጣሉ፣ ወንበሩ ይሞላል፣ ፎቶ ይነሣል። በዓመቱ ሪፖርት ላይ ይህ እንዴት እንደሚጻፍ ልንገራችሁ? «ምርምርን ከመማር ማስተማር ጋር ማስተሳሰር፤ ክንውን 100 በመቶ።»

ሌላም መድረክ አለን፤ ኤች.ዲ.ፒ.። የመምህራን የማስተማር ሥነ ዘዴ ሥልጠና ነው። እዚያ የገዛ ክፍልህን አጥና ይባላል፣ አክሽን ሪሰርች። ሐሳቡ ግሩም ነው። ርዕሶቹ ግን ከዳር እስከ ዳር ሁለት ናቸው፤ የተማሪዎች ማርፈድና የሴት ተማሪዎች ተሳትፎ ማነስ። መፍትሔውም አንድ ነው፦ ምክር ተሰጥቷቸው ተሻሽለዋል። ማርፈዳቸውን ግን ቀጥለዋል።

ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር ለመሆን ደግሞ የሚቆጠረው ጽሑፍ ነው፤ የትኛው ጆርናል፣ ስኮፐስ ውስጥ አለ ወይ፣ ስምህ ስንተኛ ነው። የማስተማር ነጥብም አለ፤ ተማሪ ይሞላል፣ ባልደረባ ይሞላል፣ ኃላፊ ይሞላል፣ ሁላችንም ጎበዝ ሆነን እንወጣለን። ኮሚቴው ፊት የሚነገረው እምነት ይሄ ነው፦ ጥሩ ተመራማሪ ጥሩ አስተማሪ ነው። ጆን ሃቲ እና ኸርበርት ማርሽ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ይህን እምነት የፈተኑ 58 ጥናቶችን አንድ ላይ ደምረው ለኩት። የሁለቱ ዝምድና 0.06 ሆነ። ዜሮ ማለት ነው፤ ለይሉኝታ ትንሽ ከፍ ብሎ። የምትጽፈው ደህና ላታስተምር ትችላለች፤ የሚያስተምረው ላይጽፍ ይችላል። ሁለቱ ይገናኙ ዘንድ የሚገናኙበት አጋጣሚ ታስቦ መዘጋጀት አለበት፤ በራሱ አይመጣም። ይህንን ጽሑፍ ለማዕረግ ዕድገት ኮሚቴ አባል ላኩለትና መልሱን ንገሩኝ።

ታዲያ የትም አይገናኙም ማለቴ ነው? አይደለም። ይገናኛሉ። ሰሌዳው ላይ በማይጻፍ ቦታ። እስካሁን ያወራሁላችሁ ሁሉ ወደዚህ ለማምጣት ነው።

ሲኒየር ኤሴይ።

አዎ፣ ያቺ ሁሉም የሚያማርርባት የመመረቂያ ጥናት። ርዕሶቹን ታውቋቸዋላችሁ፤ «የእንትን ሚና በእንትን ላይ፤ የእንትን ከተማ ጉዳይ።» መልካም አስተዳደር፣ ሕዝባዊ ተሳትፎ፣ የግጭት አፈታት። ናሙናውን እንዴት መረጥክ ሲባል «ዓላማ ተኮር ናሙና» ብሎ ይጽፋል። ትርጉሙን ልንገራችሁ? አጎቱ ቀበሌው ውስጥ ይሠራል። እናውቃለን። አንጠይቅም። ያለ አጎቱ ያ በር አይከፈትም ነበር። እና ልብ በሉ፤ ልጁ ስለ መልካም አስተዳደር ያገኘው ትልቁ ግኝት ይሄው ነው፤ በሩ በአጎት ይከፈታል። ምዕራፍ አራት ላይ ግን የለም። ምዕራፍ አራት ላይ «ምላሽ ሰጪዎቹ በአገልግሎቱ በከፊል ረክተዋል» ይላል።

አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። የወረዳ መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ልታጠና ሄደች። ክብ ማኅተም ያለው የትብብር ደብዳቤ አለ፤ የታተመ መጠይቅ በፌስታል አለ፤ «በጣም እስማማለሁ»፣ «እስማማለሁ»፣ እስከ ታች። አጎት ግን የለም። «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው» ተባለች። በማግስቱም ስብሰባ ናቸው። መጠይቁን ወረፋ ላይ ላሉት ባለጉዳዮች ሰጠች። አንድ አዛውንት አገላብጠው አዩትና «ልጄ፣ ማን ላከሽ?» አሏት። ዩኒቨርሲቲው ነው አለች። «እሱን ማን ላከው?» አሉ። ምልክት አላደረጉም፤ በምትኩ ስለ አንድ የድንበር ክርክር ረጅም ታሪክ አጫወቷት። እያለቀሰች ልትመጣ ምንም አልቀራትም።

«ቲቸር፣ ዳታ አላገኘሁም።»

ደብተሯን አየሁት። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ ሥራ ስለፈታች የጻፈችው ነበረበት። ማን ወረፋ ሳይዝ ገባ። ማን ስልክ ደውሎ ገባ። ጥበቃው ማንን «ጋሼ» ብሎ ማንን «አንተ» ብሎ ጠራ። ሴቶቹ ከወንድ ጋር ሲመጡና ብቻቸውን ሲመጡ ምን ተባሉ። የአዛውንቱ ታሪክም አለ፤ አንዱ መዝገብ ሦስት ጊዜ የጠፋበት። «ይሄስ ምንድን ነው?» ስላት አፈረች። «እሱ እንኳ ዝም ብዬ የሞነጫጨርኩት ነው።»

መጠይቁን እዚያው ፌስታሉ ውስጥ ተይው፣ ይሄን ጻፊው አልኳት። ዲፓርትመንቱ ውስጥ ትንሽ ንትርክ ነበር። «ቁጥር የሌለው ጥናት ምን ጥናት ነው?» ያለ ፈታኝ አልጠፋም። አለፈች። በሚቀጥለው ዓመት እሷን አስፈቅጄ፣ የወረዳውን ስም አጥፍቼ፣ ሁለት ገጹን ክፍል ይዤ ገባሁ። ስለ ቢሮክራሲ የምናስተምርበት ሳምንት ነው፤ ማክስ ዌበር፣ ሕግና ደንብ፣ ፋይልና እርከን። ዌበርን ከግራ፣ የልጅቷን ደብተር ከቀኝ አደረግኩት። ቤልጂየም መሄድ አላስፈለገኝም። በፌደራሊዝም ቀን የሚኮራረፉት ልጆች በዚህ ቀን ተስማሙ፤ የሁሉም ወረዳ ጥበቃ «አንተ» የሚለውን ሰው በደንብ ያውቃል። አንዱ ልጅ «ቲቸር፣ ዌበር የእኛን ወረዳ ቢያይ ምን ይል ነበር?» አለ። የእኔም የቅርብ ጊዜ ጽሑፍ ከዚህ ጥያቄ ነው የመጣው። ይህን በይፋ አልተናገርኩም፤ ለእናንተ ነው።

በዘዴው አዲስ ነገር የፈጠርኩ እንዳይመስላችሁ። የቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ተማሪዎቹን ዲግሪ ከመያዛቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ይልክ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ይባላል። የተላኩት ሊያስተምሩ ነው፤ አገሩን አይተው ተመለሱ። የዚያ ዘመን ተማሪዎች ስለ ጭሰኛው የጻፉትና የጮኹት ከመጽሐፍ ብቻ የተገኘ አልነበረም። በኅዳር 1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኮንን የተባለ የአርትስ አራተኛ ዓመት ተማሪ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ «ስትራግል» በተባለው የተማሪዎች ኅብረት መጽሔት ላይ ጥቂት ገጾች አወጣ። ውደዱት ወይም ጥሉት፤ እኔ ራሴ ከብዙው አልስማማም። ግን ከዚያ ወዲህ ስለዚህ አገር ፌደራሊዝም የሚጽፍ ሰው፣ ሊደግፈውም ሊያፈርሰውም፣ እሱን ሳይነካ ማለፍ ይቸግረዋል። የተማሪ ጽሑፍ ነው። ስኮፐስ ውስጥ የለም። እኛ ግን ዛሬም ተማሪ የዕውቀት ተቀባይ ነው ብለን በቅጽ እንሞላለን።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የስድስት ኪሎ ግቢ ደግሞ አስቡት። ግቢው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከታገቱት ሚኒስትሮችና መኳንንት ብዙዎቹ የተገደሉት እዚያው ቤት ውስጥ፣ አረንጓዴው ሳሎን በሚባለው ክፍል ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ በማግስቱ ዓመት ቤቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና ሙዚየሙ አሉበት። የመፈንቅለ መንግሥትን ንድፈ ሐሳብ የሚማር ልጅ በየቀኑ በዚያ ደጃፍ ያልፋል። ስላይዱ ላይ ያለው ምሳሌ ላቲን አሜሪካ ቢሆን አትደነቁ።

ወደ ኤሴዩ ልመለስ፤ የቆሸሸውንም ጎን ልንገራችሁ። ከግቢ ደጃፍ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች አንዳንዶቹ ኮፒ ብቻ አይደለም የሚሸጡት። ያለቀ ኤሴይ ይሸጣሉ፣ ጥራዙን ጨምሮ። የተገዛ መሆኑ እንዴት ይታወቃል? ሽፋኑ ላይ ደብረ ብርሃን ይላል፤ ምዕራፍ አምስት ላይ «የአዳማ ከተማ አስተዳደር ሊያሻሽል የሚገባው» ይላል። አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ መጣና ፎቶ ኮፒ ቤቶቹን ሥራ ፈት አደረጋቸው። እንግሊዝኛው ያማረ፣ የከተማው ስም ያልተሳሳተ፣ ከዳር እስከ ዳር ለስላሳ። የእኔ መከላከያ አንዲት ጥያቄ ናት። በኤሴዩ መከላከያ ቀን፣ ልጁ ሱፉን ለብሶ ሲቆም፣ ስለ ንድፈ ሐሳብ አልጠይቀውም።

«ሊያናግርህ ያልፈለገው ሰው ማን ነበር? ለምን?»

መስክ የወጣ ልጅ ይህን ስትጠይቁት ማቆሚያ የለውም። ያልወጣ ልጅ ሁሉም ተባባሪ ነበሩ ይላል። በዚህ አገር አንድ ጥናት ላይ ሁሉም ተባብረው አያውቁም።

የስሙስ ጉዳይ? እሱን ልተወው ነበር፤ ግን ጠይቃችሁኛል ብዬ ልቁጠረው። የተማሪ ጥሩ ኤሴይ፣ በተለይ የማስተርስ ቴሲስ፣ ብዙ ጊዜ በሁለት ስም ጆርናል ላይ ይወጣል። የአማካሪው ስም ከፊት የሚቀመጥበትን አይቻለሁ። ልጁ የወጣለትን ጽሑፍ ያየው ከጓደኛው ስልክ ላይ የሆነበትንም ሰምቻለሁ። በእኔ ሚዛን ነገሩ ቀላል ነው። ፀሐይ የመታው ሰው ስም ከፊት ይሁን። አማካሪው እንደገና ከጻፈው፣ ንባቡን ከጨመረ፣ ከገምጋሚ ጋር ከታገለ ስሙ ሁለተኛ መግባቱ ነውር የለውም፤ ለተማሪው እንዲያውም ትምህርት ነው፣ ምናልባትም ከክፍሉ ሁሉ የሚበልጥ። «አርትዖት አደረግኩ» ብሎ ከፊት የሚቆመውን ግን እኛም በስም እናውቀዋለን፤ ከጀርባው የምንጠራው ስም አለው። አይጻፍም።

አንድ ያልታሰበ ነገር ደግሞ ተፈጥሯል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ ያለፉት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ልጅ ቀነሰ። ድሮ ሰማንያ ልጅ ታጭቆ በማይክራፎን የምናስተምርበት ክፍል ውስጥ አንዳንዴ አሥራ ምናምን ልጅ ተቀምጧል። ዲፓርትመንቱ ይዘጋል ብለው የሚጨነቁ አሉ፤ እኔም ሌሊት እጨነቃለሁ። ቀን ቀን ግን፣ እንዳትነግሩብኝ፣ ደስ ብሎኛል። ከአሥራ ምናምን ልጅ ጋር ወንበሩን ክብ አድርጎ ያላለቀ ጽሑፍ ማንበብ ይቻላል። ባለፈው የራሴን ረቂቅ፣ ገና ገምጋሚ ያላየውን፣ ይዤ ገባሁ። ከኋላ የምትቀመጥ ልጅ ሦስተኛው ገጽ ላይ ያለው ክርክሬ ከሰባተኛው ጋር እንደሚጣላ አሳየችኝ። ትክክል ነበረች። የጆርናሉ ገምጋሚ አራት ወር ቆይቶ ያንኑ ጻፈልኝ፤ እሱ ግን «ከአክብሮት ጋር» ብሏል።

በሉ፤ የአማካሪዎች ዝርዝር የሚለጠፍበት ጊዜ እየደረሰ ነውና የመጨረሻውን ልንገራችሁና ልሂድ፤ ማወራረድ አለብኝ። አማካሪ ስትመርጡ ማዕረጉን አትዩ። ነጥብ ይሰጣል አይሰጥም የሚለውን የዶርም ወሬም ተዉት። ቢሮው ግቡና «አሁን ምን እየጻፉ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ስለ ኅዳግና ስለ መስመር ክፍተት መመሪያ አውጥቶ ከሰጣችሁ አመስግናችሁ ውጡ። «ቁጭ በይ» ብሎ ከጀመረና ሻይ አዝዞ የሰኞ ክፍሉን ከረሳ፣ ስሙን ቅጹ ላይ አንደኛ ምርጫ አድርጋችሁ ሙሉት። ሁለተኛና ሦስተኛውን ባዶ ተዉት፤ የዲፓርትመንት ኃላፊው ይቆጣል፣ ግን ይመድባችኋል።